በዕቃ ሚዛን የተመዘኑ ተማሪዎች

ሣህሌ አዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ተቀባይ ከሆነ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ በእጁ ያላለፈ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ከቆላው እርሻ የሚመጣ ጥጥ፣ ከሐረርጌ የሚወርድ ቡና፣ አንድ ጊዜም ለአንድ ፈረንጅ የተላከ ፒያኖ ተቀብሏል። ሁሉንም የሚያስተናግደው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። መጀመሪያ መነሻ ጣቢያውን ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ይመዝናል፣ ከዚያ አገላብጦ ጉዳት መኖር አለመኖሩን ያያል። ሦስቱን ካደረገ ስለዚያ ዕቃ መታወቅ ያለበት ሁሉ ታውቋል ብሎ ያምናል። ጣጣው የመጣው ይህን ዘዴውን በሰው ልጅ ላይ የሞከረ ጊዜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1958 ዓ.ም. አንድ ልጁ ስንቅነሽ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተናን በጥሩ ውጤት አለፈች። የአዋሽ ትምህርት ቤት ደግሞ ስምንተኛ ላይ ያበቃል። ልጅቷን ለብቻዋ ዘመድ ቤት ልኮ ማስተማር የሚባል ወሬ ገና ሲነሳ ሣህሌ ሆዱ ይባባል። ከጉያው ተለይታ አታውቅም። ለመሥሪያ ቤት የሚላከውን ደብዳቤ ሁሉ በእሱ ምትክ የምትጽፈውም እሷ ናት፤ የእሱን ጽሕፈት እሱ ራሱ በማግስቱ ማንበብ አይችልማ።

ስለዚህ ዝውውር ጠየቀ። ዋናው መሥሪያ ቤትም ናዝሬት ወይም ድሬዳዋ፣ ከሁለቱ አንዱን መርጠህ እስከ ጳጉሜ ሦስት ቀን ድረስ በጽሑፍ አሳውቅ አለው። ከደብዳቤው ግርጌ አንድ ክፉ መስመር ነበረች። አንድ ጊዜ የተዛወረ ሠራተኛ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ሌላ ዝውውር መጠየቅ አይችልም ትላለች። አምስት ዓመት ማለት ስንቅነሽ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ የሚተርፍ ጊዜ ነው። ሣህሌ ትምህርት ቤቱን ከተሳሳተ ልጁ ተሳሳተች፤ ማረሚያ የለውም።

አዋሽ ላይ አስተያየት የሌለው ሰው አልነበረም። የድሬዳዋ ተወላጅ የሆነው የቴሌግራፍ ሠራተኛ ዑመር፣ ወላሂ ከድሬዳዋ ተማሪ ጋር የሚወዳደር በአገሩ የለም ብሎ ይምላል። የጣቢያው ዘበኛ የእህቱ ልጅ ናዝሬት ተምሮ ጸሐፊ መሆኑን ለሚሰማውም ለማይሰማውም ይናገራል። የሣህሌ ባለቤት ታንጉት ደግሞ ውኃ በቅርብ የሚገኝበትን ምረጥ ከማለት በቀር የጨመረችው የለም። ሣህሌ ሁሉንም ሰምቶ ወሬ አይመዘንም አለና ሚዛኑን አወጣ።

በዚያን ጊዜ ከድሬዳዋ የሚመጣውና ከናዝሬት የሚመጣው ባቡር እኩለ ቀን ላይ አዋሽ ይገናኛሉ፤ መንገደኛውም ወርዶ ምሳ ይበላል። ከነሐሴ ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ፉርጎው ሁሉ ተማሪ ነው። የባቡር ሠራተኛ ልጅ የሚጓዘው በነጻ ስለሆነ በክረምት ቤቱ የሚቀመጥ የለም። ሣህሌ የዕቃ ሚዛኑን ጥላ ሥር ጎትቶ አቆመው። አንድ ትልቅ ሐብሐብ ቆራርጦ በትሪ አቀረበና የሚያልፈውን ተማሪ ሁሉ ይጠራ ጀመር። የቆላው ፀሐይ ያደረቀው ተማሪ ሐብሐብ አይቶ አያልፍም።

የመጣውን መጀመሪያ ከየት ነው የመጣኸው ብሎ ይጠይቀዋል። ከድሬዳዋ ያለው በቀኝ በኩል ባለው ዓምድ፣ ከናዝሬት ያለው በግራው ይጻፋል። ቀጥሎ ሚዛን ላይ ያወጣዋል። ትምህርትና ኪሎ ምን አገናኛቸው ብለው ለጠየቁት፣ በደንብ የተያዘ ዕቃ ክብደቱ አይጎድልም ሲል መለሰ። ከዚያ ጥያቄው ይቀጥላል። አሥራ ሰባት ፉርጎ እያንዳንዱ ዘጠና ስድስት ጆንያ ቢጭን ስንት ጆንያ ይሆናል? የአዋሽ ወንዝ ሄዶ ሄዶ የሚገባው የት ነው? ቀይ ባሕር ያለ ሁሉ ሐብሐቡን ይነጠቃል። በመጨረሻ ተማሪውን ዞር በል ይለውና ከኋላ አይቶ አስተያየቱን ይጽፋል፤ "ደህና ደርሷል"፣ "ጥቂት ጎድሏል"፣ አንዱን በላብ የራሰ ልጅ ደግሞ "እርጥበት ነክቶታል"።

ስንቅነሽ አጠገቡ ቆማ በጣሳ ውኃ ታድላለች። በሦስተኛው ቀን ወደ አባቷ ጠጋ ብላ ስለ ተማሪዎቹ አንድ ነገር ልትነግረው ሞከረች። እሱ ግን አንድ ወፍራም ልጅ ሚዛኑን አጨናንቆበት ስለነበር፣ ወሬውን ተዪና ኪሎውን አንብቢልኝ አላት። በአምስተኛው ቀን ደግማ ሞከረች። አሁንም አንብቢ አላት። ታንጉትም በበኩሏ የናዝሬቱ ባቡር ጥቂት ቀድሞ፣ የጣቢያው ምግብ ቤት ሳይከፈት ስለሚደርስ የእነዚያ ልጆች ጥፋት ረሃብ ይሆናል ብትል ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

በአሥረኛው ቀን ውጤቱ ወጣ። ከድሬዳዋ የመጡት ጆንያውንም ወንዙንም አሳምረው የመለሱ፣ በኪሎም የተሻሉ ሆኑ። ከናዝሬት ከመጡት ግን ግማሾቹ አዋሽን ቀይ ባሕር የከተቱ ነበሩ። ሣህሌ እፎይ አለ። እንዲህ እንቅልፍ ያሳጣውን ነገር በገዛ እጁ፣ በገዛ ሚዛኑ ፈታው። ስንቅነሽን ጠርቶ ድሬዳዋ ብለሽ ጻፊ፣ ጎበዞቹ የሚማሩት እዚያ ነው አላት። ልጅቷ ቀና ብላ አየችው፣ ጥቂት አሰበች፣ ጻፈች። እሱም እንደ ልማዱ ሳያነብ ፈረመና ደብዳቤውን ለባቡሩ ፖስታ ሰጠ።

በማግስቱ፣ ጳጉሜ ሁለት ቀን፣ ሚዛኑን ወደ ቦታው ሊመልስ ሲል ከድሬዳዋው ባቡር ሀምዳ የምትባል ተማሪ ወርዳ ሐብሐቡ የታለ ብላ ጠየቀችው። ወሬው በመስመሩ ሁሉ ደርሶ ኖሯል። ሣህሌ ከልማድ የተነሳ የጆንያውን ሒሳብ ጠየቃት። አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሠላሳ ሁለት አለች፣ ትንፋሽ ሳትወስድ። ደስ ብሎት፣ ልጄም በቅርቡ እዚያው እናንተ ዘንድ ድሬዳዋ ትገባለች አላት።

"እኔ የምማረው ናዝሬት ነው" አለች ሀምዳ። "ድሬዳዋ አጎቴ ቤት ለክረምት ሄጄ ነው። ትምህርት ሊከፈት ስለሆነ መመለሴ ነው።"

ሣህሌ ክው አለ። ወደ ፉርጎው ገብቶ ተማሪ የሚመስለውን ሁሉ እየዞረ ጠየቀ። ሁሉም ክረምቱን ዘመድ ጋ ከርመው ወደ ናዝሬት የሚመለሱ ናቸው። ሮጦ ወደ ሌላው ባቡር ተሻገረ። እነዚያ ደግሞ ከናዝሬት ከየአክስታቸው ቤት ወደ ድሬዳዋ ትምህርት ቤታቸው የሚመለሱ ሆነው ተገኙ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ዕቃን በመነሻው ሲያውቅ የኖረ ሰው፣ ሰው ሄዶ የሚመለስ መሆኑን ዘንግቶት ነበር። ውጤቱ በሙሉ የተገለበጠ ነው፤ ማመልከቻው ደግሞ ሄዷል።

ዑመር ዘንድ እየሮጠ ገባና አስቸኳይ ቴሌግራም ምታልኝ አለው። ዑመር የከተማውን ስም ጥቀስ ብሎ መከረው። ሣህሌ እንቢ አለ። በባቡር ሽቦ ላይ ቃል ማብዛት ነውር ነው፤ ማመልከቻው እዚያው እጃቸው ላይ አይደለም እንዴ? በመጨረሻ የተመታው ቃል ይህ ነበር፦ "ዝውውሬ ከጠየቅሁት ተቃራኒ ይሁን። ሣህሌ። አዋሽ።"

ቤቱ ገብቶ ከምን ጉድ እንደ ወጣ እየተኩራራ ለታንጉት ሲተርክ፣ ስንቅነሽ ትከትፈው የነበረውን ሽንኩርት አቁማ ቀና አለች።

"አባባ" አለች፣ "እኔ እኮ ናዝሬት ብዬ ነው የጻፍኩት።"

"ምን አልሽ?"

"ውኃ ስሰጣቸው የት እንደሚማሩ እጠይቃቸው ነበር። ሁለቴ ልነግርዎት ሞከርኩ፣ ኪሎውን አንብቢ አሉኝ። የፈለጉት ጎበዞቹ የሚማሩበትን ስለሆነ እሱን ጻፍኩልዎት።"

ሣህሌ ልጁን ይቆጣት ወይስ ይሳማት ቸገረው። እንደገና ወደ ዑመር እግሬ አውጪኝ አለ። ዑመር ጉዳዩን ሰምቶ በሳቅ ወንበሩ ላይ መቀመጥ ካቃተው በኋላ እንባውን ጠራርጎ፣ "እሺ፣ ምን ብዬ ልምታ?" አለ። "የተቃራኒው ተቃራኒ ይሁን? ወላሂ፣ የአዋሽ ፀሐይ አናቱን መታው ብለው ሐኪም ነው የሚልኩልህ።" ሣህሌ አሰበው፣ አፈረ፣ ተመለሰ። በማግስቱ ቀነ ገደቡ አለፈ።

መልሱ በመስከረም መጀመሪያ ደረሰ። በቴሌግራም ባሳሰቡት መሠረት ወደ ድሬዳዋ ተዛውረዋል ይላል። ሣህሌ ሁለት ቀን ምግብ አልቀመሰም። በገዛ እጁ የአንድ ልጁን ዕድል ያበላሸ መሰለው። ታንጉት ግን የማንጎ አገር ነው ብላ ማሰሮዎቿን በገለባ ትጠቀልል ጀመር። ሲሄዱ ዑመር ሣህሌን አቅፎ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ያልኩት ቦታ ደረስክ፣ በአቋራጭ ባይሆንም አለው።

ድሬዳዋ ሲደርሱ ወደ ትምህርት ቤቱ ለምዝገባ ሦስቱም አብረው ሄዱ። ከጠረጴዛው ኋላ መነጽር ያደረጉ ሸምገል ያሉ መምህር ተቀምጠዋል። የስንቅነሽን ወረቀት ተቀብለው ገና ሳያዩት፣ እጃቸው ላይ እርሳሱን እንደያዙ፣ "የት ነው የተማርሽው?" አሏት።

ሣህሌ አርባ ተማሪ ሲመዝን ከርሞ፣ ይህችን ጥያቄ አንዱን እንኳ አልጠየቀም ነበር።

"አዋሽ ሰባት ኪሎ" አለች ስንቅነሽ።

መምህሩ ውጤቷን ተመለከቱ። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ ደግመው ተመለከቱ። ከዚያ ወደ ሣህሌ ዞር ብለው አዋሽ ያለው ትምህርት ቤት እንዴት ያለ ነው፣ ከዚያ የሚመጣ ሌላ ልጅ አለ ወይ ብለው ጠየቁት። ሣህሌ ስምንት ዓመት ሙሉ በበሩ አልፏል፤ ከሌላ ጋር ማወዳደር ይቅርና ዞር ብሎም አላየው።

ሲወጡ ታንጉት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ትስቅ ነበር።

"ያን ሁሉ የሰው ልጅ ሚዛን ላይ ስታወጣና ስታወርድ ከረምክ" አለችው። "ይችን አንድ ቀን ጠይቀሃት ታውቃለህ?"

ሣህሌ ቆመ። እውነትም ጠይቋት አያውቅም። ጆንያውንም፣ ወንዙንም፣ የትኛውን ከተማ እንደምትወድም። ሊጠይቃት ወደ ልጁ ዞር አለ። እሷ ግን ቀደመችው።

"አርባ አንድ ኪሎ ነኝ፣ አባባ" አለች፣ የእሱን ድምፅ እያስመሰለች። "እርስዎ ምሳ ሲሄዱ ተመዝኛለሁ። መነሻ አዋሽ፤ ጉዳት የለም።"

ከዚያ እጁን ይዛ ወደ አዲሱ ቤታቸው መራችው፤ መንገዱንም ከእሱ በፊት ጠይቃ አውቃው ነበር።