መርማሪ ክብረት ሶዶ የመጣ ጊዜ

አዲስ አበባን የማውቃት በመርማሪ ክብረት በኩል ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬን የዘረጋሁት ሶዶ፣ ከሳሊህ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። የክብረት ተከታታይ ልብ ወለድ ከክፍል አንድ ጀምሮ አምልጦኝ አያውቅም። ክብረት የሚኖረው መርካቶ፣ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ፣ ሲረገጥ ሲጥ ሲጥ የሚል ሰማያዊ የእንጨት ደረጃ ወጥቶ ነው። ያን ደረጃ ከቤቴ ደጃፍ ይልቅ አውቀዋለሁ።

ሳሊህ ደግሞ ዕቃ ለማምጣት መርካቶ የሚመላለስ ሰው ነው።

«ባዳቾ፣ እንዲህ ያለ ደረጃ የለም ስልህ! ወፍጮ ቤቱም የለም። ና አብረን እንሂድና ላሳይህ።»

«አንተ እዚያ የምታየው ጨርቅ ነው» እለዋለሁ። «ክብረት ግን ያስተውላል።»

አንዴ በዚሁ የተነሳ ተኳርፈን ሰነበትን። በረንዳው የእሱ ስለሆነ ኩርፊያው ለእኔ ከበደኝ እንጂ፣ ትክክሉስ እኔ ነበርኩ።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ክፍል ሰባት ወጣ። ክብረት ግድያ ሊመረምር ሶዶ ይመጣል። መጽሐፉን ያመጣልኝ ራሱ ሳሊህ ነው።

«እንካ፣ ዘመድህ መጥቷል» አለኝ።

እሑድ ከቸርች መልስ ለሚስቴ ለአስናቀች ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ክብረት ከአውቶቡስ ወረደ፤ ደስ አለን። የሶዶ በረሃ አናቱን አቃጠለው።

«ሶዶ ደጋ አይደለ እንዴ? ተሳስቶ ቆላ፣ ሁምቦ ወርዶ ይሆናል» አለች አስናቀች።

ማንበቤን ቀጠልኩ። ገዳዩ ከአንድ ጓሮ እንሰት ላይ ሙዝ ቆርጦ በላ፤ ልጣጩን ጣለ። ክብረት ልጣጩን አገኘ።

«ከምን ላይ ቆረጠ?»

«ከእንሰት።»

«እስቲ ድገመው።»

ደገምኩት። ያው ነው።

«ቅጠሉ ስለተመሳሰለ እንሰት ሙዝ ሊያፈራ ነው? ግንዱን ስንፍቅ፣ ሥሩን ስንቀቅል የምንኖረው ፍሬው ጠፍቶን ነዋ! ደራሲው በአውቶቡስ መስኮት እንኳ አላየንም።»

በዚያ ልጣጭ የተነሳ ቦሼ የሚባለው የጓሮው ባለቤት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

«እና ይሄ ምስኪን ባልበቀለ ሙዝ ነው የታሰረው?» አለች። «ኧረ ይግባኝ ይበል!»

እስክታነባ ሳቀች። እኔም ልስቅ ሞከርኩ። ደራሲው ሶዶን ሳያያት ከጻፋት፣ ሌላውንስ አይቶ ስለመጻፉ ማን ነገረኝ? ክፍል አንድን አወጣሁና የማውቀውን ገጽ ገለጥኩ። ክብረት ደረጃው ሥር ቆሞ እግሩን አነሳ። ረገጠው። ሲጥ አላለልኝም።

ሰኞ ሳሊህ ሱቁን ከፍቶ ጠበቀኝ።

«እህሳ፣ ዘመድህ በሰላም ገባ?»

«አነበብከው?»

«መኪና ላይ ጨረስኩት። የእንሰቱ ሙዝ ይጣፍጣል አሉ።»

ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ፣ ክሩን ከመርፌው ጋር ብዙ ታገልኩ።

«ሳሊህ፣ ያ ደረጃ… እውነት የለም?»

ይህን ሁሉ ዓመት የለም ሲል የኖረ ሰው፣ ዛሬ ስጠይቀው ወደ መደርደሪያው ዞረ። አንድ የታጠፈ ጨርቅ አነሳ፤ ፈታው፤ መልሶ አጠፈው።

«ባለፈው ስሄድ አየሁት» አለ። «ሰማያዊ ነው።»

«ሲጥ ሲጥ ይላል?»

«ይላል።»

«አላልኩህም?» አልኩት።

«ብለኸኛል።»

ከዚያ ወዲህ ሳሊህ መርካቶ ብዙ ጊዜ ሄዷል። ና አብረን እንሂድና ላሳይህ ግን ብሎኝ አያውቅም።