እስከ መቃብሩ በር

ኮልቢ በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ፣ የእሁድ ቁርስ ላይ ሰባት ሰው ገደለ፤ ከዚያ ራሱን። ከሰባቱ አንዷ ልጄ ጃኔል ናት፤ ፓንኬክ ስታድል ነው በጥይት የመታት። "ለምን ይመስልሻል?" እያሉ የሚጠይቁኝ ጋዜጠኞች አንጀቴን ያሳርሩታል። ምክንያቱን ባውቀው ምን ሊሠራልኝ?

በእኛ ከተማ ሬሳ የሚሸከመው ጎረቤት ነው። ስድስት ወንዶች ሳጥኑን ከመኪና አውርደው ጉድጓዱ አፍ ድረስ ያደርሳሉ። ለሰካራምም ለሌባም ቀርቶ አያውቅም። ሰዎቹን የሚያሰባስበው ባሌ ዴልበርት ነው። ለኮልቢ ግን ማን ይምጣ? ፓስተሩ እንኳ "ምእመኖቼ ይቀየሙኛል" ብሎ ቀረ። በመጨረሻ እናትየዋ ላቬርን ራሷ በራችንን አንኳኳች።

"ዴልበርት፣ ስድስት ሰው ፈልግልኝ" አለች፣ ዓይኗን ከመሬት ሳትነቅል። "ብቻዬን ልቀብረው አልችልም።"

"ደግሞ ምን ፊት አለሽና እዚህ መጣሽ?" አልኳት።

"አንቺ ተዪያት" አለኝ ዴልበርት። ወደ እሷ ዞሮ፣ "እንመጣለን። ሐሙስ ጠዋት" አላት።

እጁን ይዛ አለቀሰች። እኔ ጥያቸው ወደ ጓዳ ገባሁ።

ሐሙስ ዝናብ ነበር። ስድስቱም ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ፤ ሁሉም በዚያ እሁድ ሰው የሞተባቸው ናቸው። እኔ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ሳጥኑን ከኛ ፒክአፕ አውርደው የመቃብሩ በር ጋ ሲደርሱ ዴልበርት "በቃ" አለ። ጠጠሩ ላይ አስቀመጡትና ወደየመኪናቸው ዞሩ።

ላቬርን የተሳሳቱ መሰላት። "እዚህ አይደለም እኮ" አለች፣ በትሕትና። "ጉድጓዱ ዳገቱ ላይ ነው።"

"እናውቃለን" አላት ዴልበርት። "ጃኔልን ከዚያ አዳራሽ ተሸክሜ ያወጣኋት ብቻዬን ነው። አንቺም ሞክሪው።"

መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። የሌሎቹም መኪኖች አልተንቀሳቀሱም። ላቬርን እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ ጎተተች። ሳጥኑ ትንሽ ፈቀቅ አለ፤ እሷ አዳልጧት ወደቀች፤ ተነስታ ደግሞ ያዘችው።

ደስ አለኝ። ምን እዋሻለሁ፣ ከጃኔል በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ።

"እንሂድ?" አለ ዴልበርት።

"ቆይ" አልኩት። "መስታወቱን ጥረግልኝ፤ በደንብ አይታየኝም።"