እርስዎ ይቅደሙ

ባለተሳቢው ለሦስተኛ ጊዜ መንጃ ፈቃድ ሊፈተን የወጣው ዓርብ ጠዋት ነው። ስሙን ያወጣለት ሃያ ሁለት ዓመት ተሳቢ ሲጎትት የኖረበት መንገድ ነው። አሁን በሰው አገር ልጁ ቤት ተጠግቶ፣ በአንድ የልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት የሆስፒታል አንሶላ ያጥፋል። እንፋሎቱ መነጽሩን ሲሸፍነው "ጉም ወረደ፣ መብራት አብሩ!" እያለ ባልደረቦቹን ያስቃል እንጂ ውስጡ ያርራል። ከመሪ እንጀራ ወርዶ አንሶላ!

አንሶላውን የሚያደርሰው የቫን ሾፌር ጡረታ ሊወጣ ነው። አለቅየው "ዛሬ መንጃ ፈቃድ ካመጣህ ቫኑ ያንተ ነው፤ ካላመጣህ ሰኞ ሌላ ሰው ይገባል" ብሎታል። የፈተናው ቢሮ መስኮት ደግሞ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል።

መጀመሪያ የወደቀው ያገኘውን የጭነት መኪና ሁሉ በክላክስ ሰላም ሲል ነው። ሁለተኛ ጊዜ ቀይ መብራት ላይ ወርዶ የፊተኛውን መኪና መስኮት አንኳኳና "ወንድሜ፣ የኋላ ጎማህ ተንፍሷል" ሲል መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

"አባዬ፣ ዛሬ ሰላምታ የለም፤ ምክር የለም" አለችው ልጁ ቁርስ ላይ። "ሕጉን ብቻ።"

"ሕጉንማ እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ።"

"እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ታውቀዋለህ፣ ግን አታደርገውም።"

ፈታኟ ቃል የምትቆጥብ፣ እርሳሷ ግን የማያርፍ ቀጭን ሴት ናት። ባለተሳቢው "አንተ ታውቃለህ" ብሎ በሆዱ አማተበና ሞተር አስነሳ። መሪውን ሲጨብጥ የጠፋ ዘመዱን ያገኘ መሰለው። ሳይጣደፍ፣ ሳያነጥር፣ እንቁላል የጫነ ይመስል እየነዳ በአራቱም በኩል "ቁም" የሚል ምልክት ካለበት መስቀለኛ መንገድ ደረሰ። እዚህ ቦታ ሕጉ አጭር ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይሄዳል። ቀድሞ የደረሰው እሱ ነበር።

ወዲያው በቀኝ በኩል አንዲት ትንሽ መኪና መጥታ ቆመች። ውስጧ አገጫቸው ከመሪው እምብዛም ከፍ ያላለ፣ ጥጥ የመሰለ ፀጉር ያላቸው አሮጊት አሉ። እናቱ በሕይወት ቢኖሩ የእሳቸው እኩያ ነበሩ። ባለተሳቢው መዳፉን ዘርግቶ "ይለፉ እናቴ" አለ። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁና ጣታቸውን ወደ እሱ ቀሰሩ። ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ እጅ ነሳ። እሳቸው ምልክቱን ጠቆሙት። እንዲህ ሆነው እሳቸው ሕግ ይዘው፣ እሱ ይሉኝታ ይዞ፣ ተፋጠጡ። ከኋላ መኪና ተሰለፈ።

"ይሂዱ" አለች ፈታኟ።

"እናቴን ቀድሜ?"

"እናትዎ ናቸው?"

"አይደሉም። የሆነ ሰው እናት ግን ናቸው።"

እርሳሷ ወረቀቱን ጫር ጫር አደረገ። ያኔ ነው ሞተር ብስክሌት የያዘ ፖሊስ ከሰልፉ መሐል ብቅ ያለው። ባለተሳቢው በአገሩ በሚያውቀው መንገድ፣ ሕግ አስከባሪ ሲመጣ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሾፌር ባለጌ ነው። ስለዚህ የእጅ ፍሬኑን ሳበና ወረደ፤ ቆቡን አውልቆ፣ ሁለት እጁን ለሰላምታ ዘርግቶ ወደ ፖሊሱ ገሰገሰ።

"መኪናው ውስጥ ይመለሱ!"

"ኧረ በእግዜር! እርስዎ ቆመው እኔ ልቀመጥ?"

"ይቀመጡ ብያለሁ!"

"ግድ የለም፣ መቆም ለምጃለሁ።"

የፖሊሱ እጅ ወደ ወገቡ ሲወርድ ፈታኟ በመስኮት ብቅ ብላ ጮኸች፦ "ሰውዬ! ትእዛዝ ነው እንጂ ግብዣ አይደለም!"

ገብቶ ተቀመጠ። ዓይኑ እያየ የተመኘው ቫን ከእጁ እየራቀ ሄደ።

"ቅድሚያ የማን ነው?" አለ ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ።

"የእኔ።" ሕጉን ከነአንቀጹ በቃሉ አነበነበው።

"ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?"

"ጌታዬ፣ ሕጉ እኮ የደረስንበትን ሰዓት እንጂ የተወለድንበትን አይጠይቅም።"

ፖሊሱ ጢሙን ዳሰሰ፤ ሳቁን ለመደበቅ ይመስላል። ወደ አሮጊቷ ሄዶ ጥቂት አነጋገራቸውና ተመለሰ።

"ምን አሉኝ መሰለዎት? 'የሐኪም ቀጠሮዬ እያለፈ ነው፤ ይሄ ሰውዬ ምን አድርጌው ነው እዚህ የሚያስረኝ?' እሳቸው ተራ አይነጥቁም። ካከበሯቸው ይሂዱላቸው።"

"ቀድሜ ስሄድ ነው ያከበርኳቸው?"

"አዎ።"

ባለተሳቢው ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ቤት መሐል የሚያልፍ ይመስል አንገቱን ሰበር አድርጎ ተሻገረ። በመስታወት ሲያይ አሮጊቷ መኪናዋን አስፈንጥረው ሄደዋል። ለካስ እንዲህም ይቸኩላሉ!

"መንገድ መዝጋት፣ ከመኪና መውረድ" አለች ፈታኟ እየጻፈች። "ፍሬን ስበው ባይወርዱ እዚያው አብቅቶ ነበር። አሁን አንድ ስህተት ቢጨምሩ አለቀ።"

አልጨመረም። የመጨረሻው መገናኛ ላይ ጢማቸው የረዘመ አዛውንት ከእሱ በኋላ ሲደርሱ "ይቅር ይበሉኝ አባቴ" አለ በሆዱ፤ ሄደም።

ቢሮው ሲደርሱ ለስድስት ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል። ባለተሳቢው ሮጦ የመስታወቱን በር ከፈተና ልማዱ ጎተተው።

"ይግቡ፣ እመቤት።"

"ቀድመው የደረሱት እርስዎ ነዎት" አለች ፈታኟ፤ ውጤቱን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ቆመች።

"ሴት ልጅ ውጭ አቁሜ?"

ፈታኟ ጆሮዋ ላይ የሰካችውን እርሳስ አወረደች። ውስጥ ጸሐፊው መስኮቱን ለመዝጋት እጁን ሰድዷል።

ባለተሳቢው "ይሂዱላቸው" የተባለውን አስታወሰና ቀድሞ ገባ። ገባ እንጂ ለሰው ጀርባ መስጠቱን እንዴት ይቻለው? ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ፣ እጅ እየነሳ፣ የኋሊት ገባ። ጀርባው ከወረቀት መደርደሪያው ጋር ሲላተም የማመልከቻ ቅጽ ወለሉን ሞላው። ጸሐፊው "ምን ጉድ ነው!" ብሎ መስኮቱን ሳይዘጋ ወጣ።

ፈታኟ በወረቀቱ ላይ ተራምዳ ውጤቱን ለጸሐፊው ሰጠችና "ማኅተም ምታበት፤ አልፏል" አለችው። ከዚያ ተንበርክኮ ቅጽ ወደሚለቅመው ባለተሳቢ ዞር አለች።

"ወደ ኋላ ሲሄዱ ግን መስታወት ይዩ።"