የአዲሱ ሰፈር ተራ

ደግፌ የአርባ ምንጭን የውሃ ቫልቮች ሲከፍትና ሲዘጋ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖሯል። ምንጩ አርባ ነው ቢባልም ከተማይቱ ቀደመችው፤ ከደጋ የወረደው ሁሉ ጎጆ ሲቀልስ ማጠራቀሚያው ጋን ግን ያው አንዱ ነበር። ስለዚህ ውሃ በተራ ሆነ። ከሐይቁ ዳር ለተቈረቈረው ለአዲሱ ሰፈር የደረሰችው በሳምንት አንዲት ቀን ናት፤ በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ያች ቀን በከተራ ዋለች።

በማለዳ መሪጌታ ጢሞቴዎስ ወደ ቫልቩ ጉድጓድ መጡ።

«ባሕረ ጥምቀቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ታቦት በደረቅ ገንዳ ዳር ይደር?»

«የዛሬው ተራ የአዲሱ ሰፈር ነው፣ የኔታ።»

«እነሱስ ክርስቲያን አይደሉ? ነገ በረከቱ ለእነሱም አይደል?» አሉና ፈገግ አሉ፤ «ወይስ ቁልፍ ብትይዝ ጴጥሮስ የሆንክ መሰለህ?»

ደግፌ ፊደል የቈጠረው በእኚህ ሰው እግር ሥር ነበርና እምቢ ማለት ከበደው። አንድ ቀን ቢቀርባቸው ምን ይሆናሉ ብሎ የሰፈሩን መስመር ዘጋ፤ የገንዳውን ከፈተ። እስኪመሽ ገንዳው ሞላ፤ ጋኑ ተሟጠጠ።

የሸማኔው የኤርጫፎ ሚስት አገኘሽ ጀሪካኗን ከአዲሱ ሰፈር ቦኖ ፊት ያሰለፈችው ጎህ ሳይቀድ ነበር። የታቦቱ እልልታ ከሩቅ ሲሰማ ቦኖው ገና ጠብ አላለም። ልጆቿ ውሃ ውሃ ቢሏት ወደ ሐይቁ ወረደች። ከኦቾሎ ተራራ ከመጣች ዓመት አልሞላትም፤ የአዞን ጠባይ አታውቅም። ከደንገሉ መካከል ገብታ አጎነበሰች። ማዕበሉ የመለሰው ቢጫ ጀሪካኗን ብቻ ነው።

ደግፌ ወሬውን የሰማው በማግሥቱ፣ ነጭ ለብሶ ከገንዳው ዳር እንደ ቆመ ነው። ካህናቱ ባርከው ሊረጩ ሲሉ ኤርጫፎ ሕዝቡን ሰንጥቆ መጣና ያንኑ ጀሪካን ውሃው ውስጥ አጠለቀ።

«ወንድሜ፣ ታገሥ እንጂ፤ ጠበልም በተራ ነው» አለው ከጎኑ የቆመ ጎልማሳ።

«ተራው የእኛ ነበር» አለ ኤርጫፎ፣ ድምፁን ሳያነሣ። «የትናንቱን ነው የምወስደው።»

መሪጌታ ደግፌን አዩት። ደግፌ ቀና አላለም። ኤርጫፎ ጀሪካኑን ተሸክሞ በመጣበት ተመለሰ፤ የሚያጥበው አስከሬን እንኳ አልነበረውም።

ደግፌ በዓሉን ትቶ ወደ ጉድጓዱ ሮጠ። የአዲሱን ሰፈር ቫልቭ እስከ መጨረሻው አዞረና ጆሮውን ከቧንቧው ላይ አኖረ። ቧንቧው ጥቂት አየር ተነፈሰ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም አልተሰማም።