የፈይዛ እምቢታ

አቶ ጉልላት ባዶውን የክኒን ማሸጊያ የመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ መስታወት ላይ አኖሩና በጣታቸው ወደ ፈይዛ ገፋ አደረጉት።

"ይህንኑ ስጪኝ ልጄ። ሁለት እሽግ።"

ፈይዛ ማሸጊያውን አገላብጣ አየችው። ትራማዶል ነው፤ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ።

"ማዘዣ ይዘዋል ጋሼ?"

"የምን ማዘዣ? ጥር ላይ ሐኪሞቹ አዘውልኝ ራስሽ አይደለሽ የሰጠሽኝ?"

"እሱ የዐሥር ቀን ነበር። አሁን ሚያዝያ ነው።"

በሩ አጠገብ ወንበራቸው ላይ የተቀመጡት አቶ ሀምዱ ጆሯቸውን አቀኑ። ልጃቸው ይህችን መድኃኒት ቤት ኮልፌ 18 ማዞሪያ አጠገብ ከከፈተች ዐሥር ወሯ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ከበሯ ጠፍተው አያውቁም። አንዳንዴ መንገዱ ላይ ሰው በዛ ሲል ጉሮሯቸውን ጠረግ ያደርጉና "ፈይዛ!" ብለው ይጣራሉ። የሚፈልጉት ነገር ኖሮ አይደለም፤ ነጭ ጋዋን የለበሰችው የእሳቸው ልጅ መሆኗን የማያውቅ እንዳይኖር ነው።

አቶ ጉልላት ደግሞ እንግዳ አይደሉም። ሁለቱ ሠላሳ ዓመት አጠና ተራ አብረው ኖረዋል፤ አቶ ሀምዱ ይሸጣሉ፣ አቶ ጉልላት ይጭናሉ፣ ያወርዳሉ። ፈይዛ ትንሽ ልጅ ሳለች ክረምት ወንዙ ሲሞላ በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ትምህርት ቤት ያሻገሯት እሳቸው ናቸው። ጥር ላይ እንጨት ሲያወርዱ ከመኪና ወድቀው ወገባቸው ተጎዳና መድኃኒቱ ታዘዘላቸው።

"በቀን ስንት ነው የሚወስዱት?" አለች ፈይዛ።

"እንደ ሕመሙ ነው።"

"ትናንትና ስንት ወሰዱ?"

አቶ ጉልላት በጣታቸው ቆጠሩ። "ስድስት መሰለኝ።"

"ለእንቅልፍስ የሚወስዱት አለ?"

"አንድ ጎረቤት የሰጠኝ ክኒን አለ። እሱን ካልዋጥኩ ዓይኔ አይከደንም።"

ፈይዛ ባዶውን ማሸጊያ መለሰችላቸው። "አልሰጥዎትም ጋሼ። ሁለቱ መድኃኒቶች አንድ ላይ ሲሆኑ በተኙበት ትንፋሽዎ ሊቆም ይችላል። አጠገብዎ የተኙት ባለቤትዎ እትዬ በላይነሽ እንኳ አይሰሙም። ደግሞ በራስዎ ባንዴ እንዳያቆሙት፤ ሐኪም ነው ቀስ በቀስ የሚቀንስልዎት። ጤና ጣቢያው ክፍት ነው፣ ዛሬውኑ ይሂዱ።"

"ሀምዱ፣ ትሰማለህ?" አቶ ጉልላት ወደ በሩ ዞሩ። "ልጅህ እኮ እንደ ሌባ እየመረመረችኝ ነው።"

አቶ ሀምዱ ፊታቸው በእፍረት ጋለ። ተነሥተው ወደ መስታወቱ ተጠጉ።

"ፈይዛ፣ ለዛሬ ብቻ ስጪው። በእኔ ይሁን።"

"በአንተ አይሆንም አባዬ። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ፈቃድ ላይ ያለው የእኔ ስም ነው።" ድምጿን ከፍ አላደረገችም። "ጋሼ ነገ ጠዋት ባይነቁ አንተ ለወዳጅህ ለቅሶ ትቀመጣለህ። እኔ ግን በእጄ እንደሰጠኋቸው እያወቅኩ ነው የምቀመጠው።"

አቶ ጉልላት ማሸጊያውን ኪሳቸው ከተው ወጡ።

አቶ ሀምዱ ልጃቸውን ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ቁጣው አልመጣም። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ እምቢ ብላቸው የማታውቅ ልጅ፣ ለዚያውም ሰው ፊት እምቢ ስትላቸው፣ ደረታቸውን የሞላው ሌላ ነገር ነበር። እሳቸውም በጉብዝናቸው የነቀዘ አጠና ለወዳጅ አልሸጥም ብለው ከወዳጅ ጋር ዓመት ተኳርፈው ያውቃሉ። ከዘራቸውን አንሥተው አቶ ጉልላትን ተከትለው ወጡ።

የደረሱባቸው ፌርማታው ላይ ነው። አቶ ጉልላት ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር የሚሄድ ታክሲ እየጠበቁ ነበር።

"ዓለም ባንክ ምን አለህ?"

"ማዘዣ የማይጠይቅ ሰው አለ።"

"ወገብህ ይሄን ያህል ያሠቃይሃል?"

አቶ ጉልላት ዓይናቸውን አስፋልቱ ላይ ጣሉ። "ወገቤማ ከተሻለው ሰነበተ" አሉ። "ሳልወስደው ስውል ነው የምታመመው። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ በላብ እሆናለሁ። ለበላይነሽም አልነገርኳት።"

ታክሲው መጥቶ ቆመ። "ዓለም ባንክ! አንድ ሰው የቀረው!" አለ ረዳቱ። አቶ ጉልላት አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አደረጉ።

"የዓለም ባንኩ ሰውዬ ብትሞትም ብትድንም ስምህን አያውቀውም" አሉ አቶ ሀምዱ። "ልጄ ታውቅሃለች። ስለምታውቅህ ነው የከለከለችህ። ና፣ ጤና ጣቢያ አብረን እንሂድ።"

"የሰፈር ሰው ያየኛል። ጉልላት በስተርጅና ሱሰኛ ሆነ ይሉኛል።"

"የታመምኩት እኔ ነኝ እንላለን። አንተ ደግፈኸኝ መጣህ።"

"አንተ? ታመህ የማታውቀው ሰውዬ?"

"ዛሬ ጀመረኝ።"

አቶ ጉልላትን ሳያስቡት ሣቅ አመለጣቸው። እግራቸውን ከደረጃው አወረዱ፤ ታክሲውም ሌላ ሰው ጭኖ ሄደ።

ጤና ጣቢያው ወረፋ ነበረው። አቶ ሀምዱ ማንም ሳይጠይቃቸው ከፊታቸው ለቆመችው ሴት "የላከችን ልጄ ናት፤ ባለመድኃኒት ናት" አሏት። ትንሽ ቆይተው ከኋላቸው ላለው ሰውም ነገሩት።

ተራቸው ሲደርስ አቶ ሀምዱ በተስማሙት መሠረት ጎበጥ አሉና ወገባቸውን ያዙ። የካርድ ክፍሏ ልጅ ቀና ሳትል ጠየቀች።

"የታካሚው ስም?"

አቶ ሀምዱ "ሀም..." ብለው ሲጀምሩ አቶ ጉልላት ትከሻቸውን ይዘው ቀስ ብለው ወደ ኋላ ሳቧቸውና ራሳቸው መስኮቱ ላይ ቆሙ።

"ጉልላት አምላኩ ብለሽ ጻፊ።"