የነዋሪ ዕጣ፣ የመጤ ዕጣ

አባቴ ጮክ ብሎ የተናገረው ሁሉ ትክክል የሚመስለው ሰው ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ኦርቫል፣ እዚሁ አጠገብህ ነን እኮ፤ ተራራ ማዶ አይደለንም» ትለው ነበር። እሷንም አልሰማ፣ እኔንም አይሰማኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የድንጋይ ከሰል ሲቆፍር ኖሮ ሳንባው አልቋል፤ አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ ሰክቶ ነው የሚውለው። እንደዚያም ሆኖ ሲቆጣ ጎረቤት ይሰማዋል።

እዚህ ኮሎራዶ፣ ኤልክ የሚባለውን ፈረስ የሚያህል አጋዘን ለማደን ፈቃዱ በዕጣ ነው። ዕጣ ያልወጣለት በየዓመቱ አንድ ነጥብ ይያዝለታል፤ ነጥብ የበዛለት ይቀድማል። ከከተማችን በስተምዕራብ ያለው ኮረብታ ትልልቆቹ ወንድ አጋዘኖች የሚውሉበት ስለሆነ፣ እዚያ ለመግባት ሃያ ምናምን ዓመት መጠበቅ ግድ ነው። አባቴ ሃያ ሰባት ነጥብ አለው፣ ወንድሜ ዌንዴል ሃያ አምስት። ዌንዴል አሥራ ሁለት ዓመት ከሞላው ጀምሮ ሁለቱ በአንድ ማመልከቻ ነው የሚገቡት።

ለራሱ ቢሆን አባቴ ግድም የለው። በወጣትነቱ፣ ዕጣ የሚባል ነገር ሳይመጣ፣ ከዚያ ኮረብታ ሦስት ገድሏል። የሚፈልገው የዌንዴልን ነው። «እኔ መነጽሬን ይዤ ድንጋይ ላይ ቁጭ ልበል፤ እሱ ሲጥል ልይ፤ ከዚያ በኋላ እግዜር የፈለገውን ያድርገኝ» ይላል። የከሰሉ ማዕድን ተዘግቶ ዌንዴል ሌላ ክፍለ ግዛት፣ ኔቫዳ፣ ወርቅ ሊቆፍር ከሄደ ወዲህ፣ ወደ ቤት የሚመልሰው አደን ብቻ ነው። ስልክ ላይ አባትና ልጅ ከአየሩ ጠባይ ሌላ የሚያወሩት የላቸውም።

ጥር ላይ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ከፈቃዱ ስንቱ ለነዋሪ፣ ስንቱ ለውጭ ሰው፣ ማለትም ከሌላ ክፍለ ግዛት ለሚመጣ፣ ይሁን ነው ነገሩ። በኮረብታችን ከሃያው ፈቃድ ሰባቱ የውጭ ሰው ድርሻ ነበር። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ፌይ ተነሥታ፣ «እነሱ ባይመጡ ጥቅምት ላይ አልጋዬን ማን ሊከራየኝ ነው? እናንተ?» ስትል ሰው ሳቀ። አባቴ ተነሣ።

«ፌይ፣ አልጋሽን አከራዪ፤ ኮረብታችንን ግን አታከራዪብን!» አለ። «የካቲት ላይ በረዶ የማይዝቅ መጤ ነው! እዚህ ተወልዶም ቢሆን ትቶ የሄደ ሄዷል! አጋዘን የሚወድ ከአጋዘኑ ጋር ይክረማ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ሊፈርስ ምንም አልቀረው። እኔም እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ምን ላድርግ፣ ደስ አለኝ፤ አባቴ እንዲያ ሲያምርበት ካየሁት ቆይቻለሁ። ሐሳቡ ወደ ዋና ከተማው ዴንቨር ሄዶ ጸደቀና የውጭ ሰው ድርሻ ከሰባት ወደ ሁለት ወረደ።

መጋቢት ላይ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ «የዘንድሮን መኸር ያያል። የከርሞውን እንጃ» አለኝ። በዚያው ሳምንት ማመልከቻውን ኮምፒውተር ላይ ለመሙላት ተቀመጥኩ። ዌንዴል የመንጃ ፈቃዱን ቁጥር ሲልክልኝ የኔቫዳ ነው፤ አሠሪዎቹ ቀይር ብለውት ኅዳር ላይ ቀይሮታል። ቁጥሩን ሳስገባ ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለ። አብረው ካመለከቱት አንዱ እንኳ ነዋሪ ካልሆነ ሁሉም በውጭ ሰው ወረፋ ይገባሉ ይላል።

«አባዬ፣ ዌንዴልን ለብቻው ላስገባው?»

«ለምን ሲባል?»

«የውጭ ሰው ነው ይላል እኮ።»

«ማነው የሚለው?»

«ኮምፒውተሩ።»

«ኮምፒውተሩ ነው ያሳደገው? መጤ ማለት የቴክሳስ ሀብታም ነው። ዌንዴል ልጄ ነው። አንድ ላይ አድርጊው፣ አታድርቂኝ!»

ቁጭ ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ። የትምህርት ቤት አውቶብስ ነጂ ነኝ፣ የመነሻዬ ሰዓት ደርሷል፤ ከእሱ ጋር መጨቃጨቁም ሰልችቶኛል። አንድ ላይ አድርጌ ላክሁትና ወጣሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ውጤቱ መጣ፤ አልወጣላቸውም። አባቴ ያዙኝ ልቀቁኝ አለ። «ሃያ ሰባት ነጥብ ይዤ! ለመጤ ሸጠውታል!» እያለ ሳል እስኪያንቀው ጮኸ፣ አቤቱታም ጻፈ። እኔ ወደ ፈቃድ ቢሮው ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ማቭስ አብራኝ የተማረች ናት።

«ሮዳ፣ የገቡት እኮ በውጭ ሰው ወረፋ ነው» አለችኝ። «አባትሽ ብቻውን ቢሆን ያለ ጥርጥር ይወጣለት ነበር።»

«ብቻውን ምን ያደርግለታል? ለዌንዴል ብሎ ነው።»

«እሱም ቢሆን…» የኮምፒውተሯን ማያ ወደ እኔ አዞረችው። «ከውጭ ሰዎቹ ሦስተኛና አራተኛ ናቸው። እንዳምናው ሰባት ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ያገኙ ነበር። አይ ጋሼ ኦርቫል! ከአፍ ከወጣ አፋፍ አሉ። ግን ከፊታቸው ያሉት ሁለቱ ዘንድሮ ስለወጣላቸው፣ የከርሞው የእነሱ ነው። አይዞሽ።»

ከርሞ። መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩና ዌንዴል ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሐኪሙ ያለውንም።

«የጥሩን ስብሰባ እኮ በስልኬ አይቼዋለሁ» አለኝ። «ተወልዶም ቢሆን ትቶ የሄደ ሄዷል ሲል። ሦስቴ ነው ያየሁት።»

«አንተን ማለቱ አይደለም፣ ወንድሜ።»

«አውቃለሁ። እኔም እዚያ ብኖር ያንኑ ነበር የምለው። የእኔ እህት፣ በራሱ አፍ እንደዘጋብን እንዳትነግሪው። አደራ። ይህን ይዞ እንዳይሞትብኝ።»

አደራ ሲለኝ ምን ልበል? እሺ አልኩት።

ነሐሴ ላይ ሁለተኛ ስብሰባ ተጠራ። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ወረቀት ሲሞነጫጭር ሰነበተ። አሁን የሚፈልገው ለውጭ ሰው አንድም እንዳይቀር ነው፤ ዜሮ። ያ ማለት ዌንዴልን የሚጠብቁት የከርሞዎቹ ሁለት ፈቃዶች ይጠፋሉ ማለት ነው።

«ይቅርብህ አባዬ፣ ትንፋሽህን ቆጥብ» አልኩት።

«ለምን ልቆጥበው? ለመቃብሬ?»

አልወስድህም ብለው በእግሩ ሊሄድ ነው። መንገድ ላይ ሦስቴ አፌን ከፍቼ ሦስቴ ዘጋሁት። ሰዉ እንቢ ይል ይሆናል፣ ፌይ ትከራከራለች፣ አልኩ በልቤ። የኦክስጅን ሲሊንደሩን እየጎተትኩ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ተራው ሲደርስ ትከሻዬን ተደግፎ ቆመ።

«ሃያ ሰባት ዓመት ጠበቅሁ» አለ። በየሦስት ቃሉ ትንፋሹን ይስባል። «ልጄም ጠበቀ። ቦታውን… መጤ ወሰደበት። ዜሮ! ዜሮ ነው የምለው!»

አጨበጨቡ፤ አንዳንዱም አፏጨ። ጭብጨባው ሲበርድ ፌይ ከኋላ ተናገረች። ክፋት አልነበረባትም፣ ግራ ገብቷት ነው። «ኦርቫል፣ ዜሮ ከሆነ ዌንዴልህ በየት በኩል ሊገባ ነው?»

«ዌንዴል ነዋሪ ነዋ!»

ከፈቃድ ቢሮው የመጣው ወጣት የአባቴን አቤቱታ ፊቱ ዘርግቶታል። አንገቱን አቀረቀረ። «አቶ ኦርቫል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መልሱን በደብዳቤ ልንልክልዎ ነበር። ልጅዎ የኔቫዳ ነዋሪ ሆነው ነው የተመዘገቡት። ማመልከቻችሁም የታየው በውጭ ሰው ወረፋ ነው።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ሮዳ?» አለኝ። በሕይወቴ እንዲያ ቀስ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።

ልዋሸው ፈለግሁ፣ አልቻልኩም። «እውነት ነው አባዬ። ጥር ላይ ባይቀነስ ኖሮ ዘንድሮ ይወጣላችሁ ነበር። የከርሞው የዌንዴል ነው። ዛሬ ካላስቀራችሁት።»

ይህን የሰማነው እኔና እሱ ብቻ ነን፤ አዳራሹ መልሶ እየተንጫጫ ነበር። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መታ። «በቃ፣ እንቁጠር! ለውጭ ሰው ዜሮ ይሁን የምትሉ፣ እጃችሁን!»

አባቴ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፣ ቃሉ ግን አልመጣለትም። ቆይ፣ አቁሙ ሊል፣ የቻለውን ያህል ቀኝ እጁን ወደ ላይ አነሣ።

«እንዲህ ነው እንጂ፣ ኦርቫል!» አለ አንዱ ከኋላችን፤ የአዳራሹ እጅ ሁሉ ተከትሎት ወጣ። «አይደለም! እንደዚያ ማለቱ አይደለም!» ብዬ ጮኽኩ፣ በጭብጨባው ማን ሰማኝ። ሰብሳቢው እርሳሱን ወደ አባቴ ቀሰረና «አንድ» ብሎ መቁጠር ጀመረ።