የሻለቃ ሆድ

አማቴ የእንስሳት ሐኪም መሆኔን አንድም ቀን ወደውት አያውቁም። ልጃቸው ከስንቱ ቆንጆ መርጦ የውሻ ጆሮ የምታጥብ ሴት ማምጣቱ ያንገበግባቸዋል። ድመታቸው ሻለቃ ጥርሱ በስብሶ እህል አልቀምስ ሲል ግን ወዴት ይሂዱ? እየተነጫነጩ አቅፈውት መጡ። ለሽማግሌ ድመት ማደንዘዣ መስጠት ቀልድ አይደለም። ቢሞትብኝ እኔና አማቴን ማንም አያስታርቀንም።

ያን ቀን ረዳቴ ጉንፋን ይዟት ቀርታለች። «ውጭ ቢጠብቁ ይሻላል» ብላቸው መቼ ሰምተው! ጠረጴዛው ጥግ ተተከሉ። ሻለቃን በጭንብል የማደንዘዣውን ጋዝ አስሽትቼ አስተኛሁት፤ የመተንፈሻ ቱቦውን ጉሮሮው ውስጥ አስገባሁ። ትንሽ ቆይቶ ደረቱ መነሳቱን ተወ።

አማቴ ራሳቸውን ያዙ። «ኡኡ! ጥርስ አወጣለሁ ብላ የድመቴን ነፍስ አወጣችው!»

«አልሞተም እማማ! ደረቱን ይተዉት፣ ሆዱን ይዩ።»

እጃቸውን ይዤ ሆዱ ላይ አሳረፍኩት። ከፍ፣ ዝቅ ይላል። ጋዙ የጎድን ጡንቻዎቹን ቀድሞ እንደሚያስተኛ፣ ከሳንባ ሥር ያለው ሰፊ ጡንቻ ግን እየደከመም ቢሆን መሥራቱን እንደማይተው ነገርኳቸው።

«እንዲህ በዪኛ!» አሉ። «ሁሉም ተጋድሞ አንዱ ይለፋል። የኔ ቤት ማለት ነው።»

«እጅዎን እንዳያነሱ። ከደከመ ይንገሩኝ።»

የመጨረሻው ጥርስ ሥሩ አልነቀል ብሎ ላብ በላብ አደረገኝ። ከመንጋጋው ጋር ስታገል አማቴ ቀስ ብለው «ቆመ» አሉ። አልጮኹም፤ ያስደነገጠኝም እሱ ነው። ጋዙን ዘጋሁ፣ ኦክስጅኑን ለቀቅኩ፣ የአየር ከረጢቱን እየጨመቅኩ ተነፈስኩለት። አማቴም አፋቸውን ከፍተው አብረውን ይተነፍሳሉ።

«ገፋኝ!» አሉ በመጨረሻ። «ሆዱ እጄን ገፋኝ!»

ሻለቃ ሲነቃ መጀመሪያ የቧጨረው እኔን ነው። አማቴ በፎጣ ጠቅልለው አቀፉትና በሩ ላይ ቆሙ።

«ጡቴ ላይ እብጠት አለ» አሉ ወደ እኔ ሳይዞሩ። «ሐኪሞቹ ይውጣ ካሉኝ ቆየ። ካስተኙኝ በዚያው ብቀርስ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።»

ጓንቴን አውልቄ አጠገባቸው ሄድኩ።

«እሄዳለሁ» አሉ። «አንቺ ግን አጠገቤ ቆመሽ ሆዴን ትይዢልኛለሽ።»

«የሰው ሐኪሞቹ መቼ ያስገቡኛል እማማ?»

«እኔን ማን አስገባኝ? ዝም ብዬ ገብቼ የለ!»

ሻለቃን ጠበቅ አድርገው አቀፉት። አንጀቴን በሉት። «እገባለሁ» አልኳቸው፣ «በር ሰብሬም ቢሆን።»